ለሲሳይ የተላከው ውሃ

«እኛ ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አልፎታል፤ አንቺ ውሃ ልታዪ ቆቦ ድረስ ትሄጃለሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ ሻንጣዬን ስዘጋ። እውነቷን ነው፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን። ግን የሄድኩት በእርግጥም ለውሃ ነበር። ሄጄ የመጣሁበትን ላልሄዱት ልንገራቸው ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ ሥራዬን ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባም። ከድንጋይ ውስጥ ማዕድን የሚለይበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጭና በውሃ ይበጠበጣል። ሳሙና መሰል መድኃኒት ይጨመርበትና ከሥሩ አየር ይነፋበታል። መድኃኒቱ የሚፈለገውን ማዕድን ብቻ መርጦ ይለብሰዋል፤ የለበሰውም ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ተራው ድንጋይ ታች ይቀራል። ይኸው ነው። አይቶት የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ቀን ሲያየው አፉን ይይዛል።

ሲሳይ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ባልደረባዬ ነበር፤ የቆቦ ልጅ። ከትውልድ ቀዬው ኮረብታ ላይ መዳብ ያለበት አረንጓዴ ድንጋይ ይዞ መጣና አላስቀምጥ አለን። በአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ሞከርነው፤ ተንሳፈፈ። እሱ ግን አልረካም። «ማዕድን የሚንሳፈፈው በውሃ ነው፤ ውሃው የሌላ አገር ከሆነ ውጤቱም የሌላ አገር ነው» ይል ነበር። እናቱ ጋ ደውሎ ከግቢዋ ጉድጓድ አንድ ጀሪካን ውሃ በአውቶቡስ አስላከ። በዚያ ውሃ የወጣው አረፋ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነበር። አጨበጨብንለት። በዚያን ጊዜ ሳሉ ጠንቶበት ነበር፤ እኛም ብርድ ነው እያልን እናልፈው ነበር።

ያንን ውጤት ሰምተው የአገሩ ወጣቶች ተደራጁ። በእናቱ በእማማ የሺ ማሳ ጥግ፣ ጉድጓዱ አጠገብ፣ የቆርቆሮ መጠለያ ሠርተው ድንጋይ መፍለጥ ጀመሩ። መሥሪያ ቤታችንም ትንሽ የሙከራ መሣሪያ አዋሳቸው። ሲሳይ ግን መሣሪያው ሲነሳ አላየም፤ ባለፈው ጥር ሳንባው ገደለው። ዘንድሮ መሣሪያውን ሲያስነሱት አረንጓዴ የሚባል ነገር ጠፋ። ምን እንደሆነ አይታ ትምጣ ተብዬ ተላክሁ። ከዚያ ጀሪካን ለማስታወሻ አስቀምጠነው የነበረውን አንድ ጠርሙስ ውሃ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝሁ። ጠርሙሱ ላይ በሲሳይ እጅ «የእማዬ ጉድጓድ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ማክሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ የሹፌሩን መስታወት ሸፈነው፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ሁላችንም ሹራብ ማውለቅ ሆነ ሥራችን። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላቸውን ያጣፉ ባልቴት ወደ ወልድያ የሚሄዱ ነበሩ፤ መንገዱን ሁሉ ከዳቧቸው እየቆረሱ አጎረሱኝ።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ወጣት ወታደር ፎጣዬን ፈትቶ ጠርሙሱን አወጣው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ ነው።»

«ውሃ ከሆነ ጠጪው።»

«የላቦራቶሪ ናሙና ነው፤ አይጠጣም» አልሁት። ከዚህ የባሰ መልስ ተፈልጎም አይገኝ። እኛ ዘንድ ናሙና ወደ አፍ አይጠጋም፤ ሲሳይማ በዚህ ነገር እንደ መነኩሴ ነበር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ማስቲካ ያኘከውን ሁሉ ያስወጣ ነበር። ይህን ለወታደር እንዴት ብዬ አስረዳ? ዐይኑ ጠበበ። ይሄኔ ባልቴቷ ከኋላዬ ብቅ አሉና «ተዋት ልጄ፤ ጸበል ነው። አፍራ ነው የማትነግርህ» አሉት። ወታደሩ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አድርጎ መለሰልኝና ይቅርታ ጠየቀኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ «እማማ፣ ምነው ዋሹ?» አልኳቸው፤ ተናድጄ ነበር።

«ውሃ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ የቱ ጋ ነው ውሸቱ?» ብለው ሌላ ዳቦ ቆረሱልኝ።

ደሴ አደርን። ብርዱ ከእኛ ሰፈር ይብሳል፤ የአልጋው ብርድ ልብስም ስሙን ብቻ የያዘ ነው። ግን የሻወሩ ውሃ ሞቅ ያለ ነበርና ፀጉሬን ታጠብሁ። አረፋው እስከ ክርኔ ወረደ፤ እንደ ቤቴ። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ረቡዕ በሐይቅና በመርሳ አድርገን ወልድያ ገባን። ከዚያ ቆቦ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝሁ። ጎብዬ መግቢያ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ኅዳር መጀመሪያ ነው፤ አዲስ አበባ ሰው ጋቢ ደርቦ የሚወጣበት ሰሞን። እዚህ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ቁጭ ብላለች። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ሴት ወንበር አውጥታ በጥላዋ ሥር አስቀመጠችን፤ የጾም ነው ብላም ሽሮ በማሽላ እንጀራ አቀረበች። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ የተላጠ ጥንቅሽ ሰጠችኝ። «የከተማ ሰው ነሽ፣ ሙቀቱ ይመታሻል፤ ይህንን ምጠጪ» አለችኝ። ጭማቂው እጄን ሁሉ አጣበቀው። ወዴት እንደምሄድ ጠይቃኝ የሲሳይን ስም ስጠራላት ፊቷ ተለወጠ። «እናቱን ሳውቃት ደግ ሴት ናት» አለችና ስለ ልጁ ምንም ሳትል ገባች። ነገሩ ከነከነኝ።

ቆቦ ስደርስ ባጃጁ አንድ ሆቴል አወረደኝ። ከላቡና ከጥንቅሹ ለመገላገል ወደ ሻወር ሮጥሁ። ሳሙናውን ባሸው፣ ባሸው፣ ባሸው፣ አረፋ የለም! እጄ ላይ የቀረው እንደ ተቆረጠ ወተት ያለ ነጭ ጉድፍ ነው። ፀጉሬ ገመድ ሆነ። የዚህን ጊዜ ከውሃው ሥር እንደ ቆምሁ ነገሩ ገባኝ። ይህ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው። የሳሙናን አረፋ የሚገድል ውሃ የእኛንም መድኃኒት ይገድለዋል፤ ኖራው መድኃኒቱን ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ ይይዝና እንዲህ ጉድፍ ያደርገዋል። እንግዲያ ሲሳይ በዚህ አገር ውሃ ያንን አረንጓዴ አረፋ ያወጣው እንዴት ነው?

ሐሙስ ጠዋት በባጃጅ ከከተማው ወጣሁ፤ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ሄደን ወደ ማሳው ታጠፍን። የማሽላው እሸት አልፎ አገዳው ቆሞ ነበር። መጠለያው ደጃፍ የጠበቀኝ የማኅበሩ ሰብሳቢ አራጋው ነው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ መዶሻ ከእጁ የማይለይ ወጣት። መሣሪያውን አስነሱልኝ። ወደ ላይ የመጣው አመድማ ጉድፍ ነው፤ አረንጓዴው እንዳለ ታች ተኝቷል። ከጉድጓዱ ውሃ ቀድቼ በአንድ ጠርሙስ፣ ከሲሳይ ውሃ ትንሽ ቀንሼ በሌላ ጠርሙስ አደረግሁ። በሁለቱም ሳሙና ፈርፍሬ ጨመርሁና እንደ ወተት ናጥኋቸው። የሲሳይ እስከ አፉ አረፋ ሞላ። የጉድጓዱ ደፈረሰና ዝም አለ።

ሁሉም አዩት። ልደብቀው ብልስ እንዴት?

«አየሽ እህቴ» አለ አራጋው። «እኛ ውሃ ስንወቅጥ ከረምን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሲሳይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌላ ውሃ አምጥቶ የእናቴ ጉድጓድ ብሎ ጻፈበት። እናንተ ዘንድ ስም ሊያገኝበት ነው።»

«ተው፣ ሙት አይወቀስም» አለው አንዱ።

«ሙትማ አይወቀስም። ቁመን የቀረነውስ? እኛ እኮ ከባሕሩ መንገድ የቀረነው በእሱ ቃል ነው። በአፋር ወርደን ልንሻገር ስንቅ ይዘን ነበር። ቆዩ፣ አገራችሁ ላይ እንጀራ አለ አለን፤ ቆየን። ይኸው ሁለቱ በዚህ ወር ሄዱ። ባሕር ይሻገሩ፣ ባሕር ይብላቸው፣ የሚነግረን የለም።»

አጎንብሼ ጠርሙሶቹን መክደን ጀመርሁ። ቀና ስል ከአጥሩ ባሻገር አንዲት ጥቁር የለበሱ ቀጭን ሴት ቆመዋል። እማማ የሺ ነበሩ፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

ወደ ሆቴሌ እንዳልመለስ ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። «የልጄ ጓደኛ ሆቴል ታድራለች? አገር ምን ይለኛል!» ብለው ሻንጣዬን በባጃጅ አስመጡት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የሲሳይ የምረቃ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ጨርቅ ጠርዙ ላይ አስረውበታል። እራት እርጎና ትኩስ እንጀራ አቀረቡ። እኔን ከማጉረስ በቀር እሳቸው አልበሉም።

«ሙት ዓመቱ ጥር ላይ ነው» አሉኝ። «ሲቀበር መቃብሩን የቆፈሩት እነዚህ ልጆች ናቸው። አሁን ግን ዋሾ ነው ብለው ድንኳኑን አንተክልም ብለዋል። ሰፈሩም በእነሱ ዐይን ያየኛል። ልጄን ሁለት ጊዜ ልቅበረው ነው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አብራችሁ ሠርታችኋል። እንዳልዋሸ ንገሪልኝ።»

«እሺ» ማለት አቃተኝ። ምክንያቱም እኔም ጠርጥሬው ነበር። ለአገሩ ጓጉቶ፣ ሕመሙ እንደማያቆየው አውቆ፣ በጀሪካኑ የቧንቧ ውሃ ሞልቶበት ይሆን? እያልሁ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠን ሰው እንዲህ ማሰብ ያማል። ፎቶውን ላለማየት ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተኛሁ።

አርብ ጠዋት ደጅ ወጣሁ። በሩ አጠገብ ሰማያዊ በርሜል ሙሉ ውሃ አለ። ልቀዳ ስል እማማ የሺ ከውስጥ በማንቆርቆሪያ ሌላ ውሃ ይዘው መጡና «ከዚያ አትንኪ፤ ነይ ላስታጥብሽ» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ አፈሰሱልኝ፣ ሳሙናውን አሸሁት። አረፋው እጄን ሞላው። እንደ ደሴ። እንደ ቤቴ።

እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። «እማማ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

«ከተራራው ሥር፣ ከአቦ ምንጭ ነው። ለእንግዳማ የጉድጓዱን አልሰጥም! እሱ ለከብትና ለዕቃ ነው፤ ከብቱም ካልጨነቀው አይጠጣውም። እኛ ዘንድ ለእንግዳና ለታመመ ሰው ጨው ውሃ አይቀርብም፤ ነውር ነው።» ማንቆርቆሪያውን ቀና አድርገው ጨመሩ፤ «ለሲሳይም ከዚያው ነው የላክሁለት። ለእሱማ ከላይኛው ከጸበሉ ነው፤ ራሴ ወጥቼ ቀዳሁለት።»

«የጉድጓዱን ነበር እኮ የጠየቀዎት።»

«አዎ፣ ከጉድጓዱ ላኪልኝ አለኝ። ሲደውል ግን ሳሉን ሰማሁት። ደህና ነኝ ይለኛል። ደበቀኝ፤ እኔም ማወቄን ደበቅሁት። ታሞ የቤቱ ውሃ ቢጠማው ጊዜ ነው እንጂ ጀሪካን ውሃ ለምን ይጠይቃል አልሁ። እንዴት ብዬ ለታመመ ልጄ ጨው ውሃ እልካለሁ?»

«ጸበል መሆኑን አልነገሩትም?»

«ብነግረው ሕመሙን እንደ ሰማሁ ያውቃል፤ ይጨነቃል ብዬ። ዝም ብዬ ላክሁ።»

ባልቴቷ ኬላው ላይ የተናገሩት ውሸት አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ በፎጣ ጠቅልዬ ያመጣሁት ጸበል ነበር። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ትኩስ ዝናብ ነው፤ በድንጋይ መሐል ቶሎ አልፎ ይወጣል። ሜዳው ሥር የተኛው ግን ዘመኑን ሙሉ ኖራ ሲያሟሟ የኖረ ነው። የሲሳይ አረንጓዴ አረፋ የተራራው አረፋ ነበር፤ የእናቱን ጉድጓድ አንድ ጊዜም ሳይሞክረው ሞተ።

ልናገር ወይስ ሆድ ይፍጀው ልበል እያልሁ ሳመነታ ፊቴ አሳበቀብኝ። «ምነው ልጄ? ምን አጠፋሁ?» አሉ። ቀስ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ስለ ኖራው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ሳሙናው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ አዳመጡኝ።

«እና ልጄ አልዋሸም?»

«አልዋሸም።»

«የእኔ ጉድጓድ መስሎት ነው የጻፈው?»

«አዎ፣ አምኖ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው «እንግዲያ የዋሸሁት እኔ ነኛ» አሉ። ነጠላቸውን ላጣፋ አላሉም፤ እንዳለ ጎትተው ወጡ። ተከተልኳቸው።

ወጣቶቹ ሥራ ባይኖርም እንደ ልማዳቸው መጠለያው ሥር ተሰብስበው ነበር። እማማ የሺ መሐላቸው ገብተው ቆሙ።

«ልጄን አትውቀሱት። ጉድጓዱን ብሎኝ ጸበሉን የላክሁት እኔ ነኝ። ታሞብኝ ነው። አረፋ ማረፋችሁን አላውቅም፤ የማውቀው የታመመ ሰው ውሃ ነው። ከእንጀራችሁ ያስቀረኋችሁ እኔ ነኝ፤ የሚረገምም ካለ እኔን እርገሙኝ። እሱን ግን ተዉት። እሱ ምንም አያውቅም።»

አራጋው መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ፤ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይቅር በሉኝ እማማ። የእኔም እናት ብትሆን ያንኑ ነበር የምታደርገው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አሁንስ እህቴ? ምን ይደረጋል?»

ያለውን ነገርኋቸው። የምንጩ ውሃ ለሰው መጠጫ እንጂ ለመሣሪያ የሚበቃ አይደለም። ኖራውን ሶዳ በሚባል ነጭ ዱቄት ማውጣት ይቻላል፤ ሶዳው ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ለዚህች መጠለያ አቅም አይደለም። የክረምት ጎርፍ ውሃው ለስላሳ ነው፤ ጎርፉ ግን የማሽላው ነው፣ ከማሽላ ቀምቶ ለድንጋይ የሚሰጥ የራያ ገበሬ የለም። ተመልሼ መሥሪያ ቤቴን እጠይቃለሁ አልሁ። ስናገረው ለራሴም ቀለለብኝ።

«ክረምት ሩቅ ነው» አለ አራጋው። መንገዱን፣ ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደውን፣ ትንሽ አየው። «ድንኳኑን ግን እኔ ነኝ የምተክለው እማማ። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ አለሁ።»

ከሙት ዓመቱ በኋላ ያለውን አልተናገረም። እማማ የሺ ግን ገባቸው። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ ያላየሁባቸው ሴት እዚያው ድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ለየትኛው ልጅ እንደሚለቀስ ማን ለይቶ ያውቃል?

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። በሶ በቅቤ ቋጥረውልኛል፤ ለእኔ ስንቅ የሚቋጥር እናቴ ከሞተች ወዲህ አልነበረም። ረዳቱ ወልድያ፣ ወልድያ እያለ ይጮሃል። በመስኮት በኩል እጄን ይዘው ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚያ ውሃ ጉንጭ ታህል ቀምሶ ነበር?»

አልቀመሰም። ጀሪካኑ እንደ መጣ መሣሪያው ውስጥ ነው የገባው፤ የተረፈው ጠርሙስ ተደርጎ ታሸገ። አጠገቡ ነበርሁ፤ አውቃለሁ። የእናት ዐይን እንዲህ እያየኝ ግን እውነቱ ከአፍ አይወጣም።

«ቀምሷል እማማ» አልኋቸው። «ጣፈጠኝ፣ የቤቴ ውሃ ነው ብሎ ነበር።»

ፊታቸው መጀመሪያ በራ። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ፈገግታው ብቻ ቀረ። እጄን ጠበቅ አደረጉት።

«ቢቀምሰውማ የእኛ ጉድጓድ አለመሆኑን ያውቅ ነበር ልጄ። ጨው ውሃ ጠጥቶ ያደገ ልጅ ነው። ግድ የለም። ለእኔ ብለሽ ነው።»

ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።

«ያ ጠርሙስ አለሽ?» አሉኝ።

ከፎጣው ፈትቼ በመስኮት ሰጠኋቸው። የልጃቸውን ጽሕፈት በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት፤ ማንበብ አይችሉም። ከዚያ ነጠላቸው ሥር አስገቡት።

«ሙት ዓመቱ ዕለት መቃብሩ ላይ አፈስለታለሁ» አሉ። «ያኔ ይቀምሰዋል።»